በዓለቱ ውስጥ ያለፈው ድምፅ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ጫጫታ እለካለሁ» እላለሁ። ብዙው ሰው ይስቃል። «ላሊበላ ውስጥ ደግሞ ምን የሚለካ ጫጫታ አለ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ስመደብ እንደዚያው ብዬ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የብየዳ ቤቱ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ የድምፅ ማጉያው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በየሆቴሉ ጓሮ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ ሁሉም ከሳሽና ተከሳሽ እንዳለው አየሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ወልድያ ነው። ምህንድስና ተምሬ በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያነት ወደ ላሊበላ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የእጅ ስልክ የምታህል የድምፅ መለኪያ ነበረችኝ። እንደ ዳኛ ነበር የማያት። ሰው ሲጨቃጨቅ አወጣታለሁ፤ ቁጥሩን አሳያለሁ፤ ክርክሩ ያልቃል። በዚያ ላይ የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ሎጅ ጄኔሬተሩ ጎረቤቱን ሁሉ ሲበጠብጥ መላ ፈልጌ ዝም ስላሰኘሁት የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። የማላውቀው ድምፅ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አቶ ሞላ የሚባሉ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢሮዬ ድረስ መጡ። ቀበሌያቸው ከከተማው ጀርባ ካለው ተራራ ወዲያ ማዶ ነው። ስሙን ለጊዜው ልተወው። ወንበር ስጋብዛቸው አልተቀመጡም።

«የኔታ ጥበቡን ታውቂያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«በስም እንጂ አላውቃቸውም።»

«ዜማ አስተማሪያችን ናቸው። ማስተማር አልቻልኩም እያሉ ነው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ወፍጮ አለ፤ የወፍጮው ድምፅ ነው የሚበጠብጣቸው። ሰሞኑን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሌላ አገር ሊሄዱ ተነሥተው በሽማግሌ ነው ያስቀረናቸው። ስለዚህ ዐርብ ወፍጮውን እናሽጋለን። የቀረን ያንቺ ወረቀት ነው።»

«ሳልለካ ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

«ለኪና ጻፊ» አሉኝ። «አይቀርም፣ ድምፁ እንደሆነ አለ።»

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ገደሉን እየዞርኩ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ቤት አይባልም። ከተራራው ግርጌ ቀዩን ዓለት ፈልፍለው ያወጡት አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ተማሪዎቹ በር ላይ ካሉት ጎጆዎች ያድራሉ፤ ዜማውን ግን ዓለቱ ውስጥ ነው የሚማሩት። ቀና ብዬ ሳይ ከተራራው ጫፍ ላይ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ቱክ ቱክ የሚለው ሞተሩ ከሩቅ ይሰማል፤ ቢሆንም የሚያስከስስ ሆኖ አልታየኝም።

የኔታ ጥበቡ ሰባ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወስዶታል። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«እንዴት አደሩ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የመንግሥቷ ልጅ ነሽ?»

«አዎ። ሰናይት እባላለሁ። ድምፁን ልለካ ነው የመጣሁት።»

«ለኪ፣ ልጄ። ዝም በሉ» አሉና ተማሪዎቹን በእጃቸው አረጋጉ።

መሣሪያዬን ከክፍሉ መካከል አቁሜ ሩብ ሰዓት ለካሁ። ከበሩ ለካሁ፤ ከመስኮቶቹ ሥርም ለካሁ። ቁጥሩ ከኔ ቢሮ ያነሰ ነበር። እንዲያውም በዚያ ዓመት ከለካኋቸው ቦታዎች ሁሉ ጸጥ ያለው ይኸኛው ነበር። ማስታወሻዬን ዘጋሁና፣ «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ከሚፈቀደው በጣም በታች ነው። እዚህ ውስጥ ጫጫታ የለም።»

አልተቆጡም። «ጫጫታ አለ አላልኩም» አሉ። «እነሱ ናቸው ጫጫታ ብለው የጻፉት። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ነይ ቅረቢ።»

ቀረብኩ። እጄን ያዙና መዳፌን ከግድግዳው ላይ ለጠፉት። ዓለቱ ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆየት ብሎ ግን የተኛች ድመት ሆድ ላይ እጅ ሲጫን የሚሰማው ዓይነት ነገር ወደ መዳፌ መጣ። ይንቀጠቀጣል ለማለት እንኳ ያንሳል። ግን አያቋርጥም።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት መሰለኝ። ምንድን ነው?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ። በጠዋት ይነሣል፤ ቀትር ሲያልፍ ያርፋል፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔን ጩኸት አይከብደኝም። የገበያ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጬ አስተምሬ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ አዲስ የገቡት ልጆች ዜማውን ዝቅ አድርገው ያነሡታል። በጥቂት ነው፤ በፀጉር ያህል። ስንፍና መስሎኝ ስቆጣቸው ከረምኩ። ኋላ ግን አንድ ቀን ብቻዬን ሳዜም እኔው ወደዚያው ስወርድ ራሴን ያዝኩት። ይኼ ድምፅ ይጎትተናል። ጆሮ ሳያውቀው ይስማማዋል።»

የሚሉት ነገር ሙሉ በሙሉ ባይገባኝም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም። መለኪያዬን አንሥቼ ትክ ብዬ አየኋት። ከጎኗ አንዲት ማዞሪያ አለች፤ ሥራ ከጀመርኩ አንሥቶ ከነበረችበት ነቅንቄያት አላውቅም። በዚያ ስትሆን መሣሪያዋ እንደ ሰው ጆሮ ነው የምትለካው፤ ቀጭኑን ድምፅ እየተቀበለች ወፍራሙን እያቃለለች። በሌላኛው ስትሆን ግን ሁሉንም እኩል ትቆጥራለች። አዞርኳት። ቁጥሩ ተነሥቶ ሽቅብ ዘለለ።

ጽፌ የጨረስኩትን ገጽ ቀደድኩት። በቃ ወፍጮው ነው አልኩ በልቤ። አቶ ሞላ ልክ ናቸው።

ተራራውን ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከዐሥር የማያንሱ ሴቶች ስልቻቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዷን ከየት መጣሽ ብላት ከገደሉ ማዶ ያለ መንደር በጣቷ አሳየችኝ። ይኼ ከታሸገ ከተማ ድረስ መሄድ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ማለት ነው። የወፍጮው ባለቤት እትየ ታንጉት ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚያስፈጩት። ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል። ሳናግራቸው ጆሯቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ነው የሰጡኝ፤ ከንፈሬን ያያሉ። ሃያ ዓመት ሞተር አጠገብ ቆመው የመስማት ነገር አልቀረላቸውም።

«ልታሽጊ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«ልለካ ነው፣ እትየ። እባክዎ ሞተሩን አጥፍተውልኝ ከእኔ ጋር ይውረዱ።»

«እዚያ ቤት ሁለት ወር አልረገጥኩም። ስሜን በአደባባይ ካስነሡት ወዲህ።»

ወረፋ የያዘችው ሴትዮ ጣልቃ ገባች። «የተማሪዎቹን እህል ግን ዛሬም ያለ ክፍያ ነው የምትፈጭላቸው» አለችኝ። እትየ ታንጉት የተባለውን ይስሙ አይስሙ አላውቅም፤ ሞተሩን አጠፉና ሻሻቸውን አራግፈው ቀደሙኝ።

ወርደን ስንገባ የኔታ በእርምጃቸው ለዩአቸው። «ታንጉት ናት?» አሉ። እንደጠሯቸው ለእትየ ታንጉት በእጄ አመለከትኳቸው፤ ወይዘሮዋ አጎንብሰው ጉልበት ሳሙ። ወፍጮው ቆሟል። ከላይ አንድም ድምፅ አይመጣም። መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።

አለ። እንዳለ ነው።

እንዲያውም ወፍጮው ዝም ስላለ ይበልጥ ጠርቶ መጣ። የኔታን አየሁ፤ ፊታቸው ላይ ከእኔ የበለጠ መደንገጥ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ከሰዋል። «አልጠፋም» አሉ ቀስ ብለው። «አልጠፋም እኮ።»

እትየ ታንጉት የሆነውን ከፊታችን አንብበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሁለት መዳፋቸውን ለጠፉ፤ ቀጥለው ጉንጫቸውን። ከዚያ ከመቀነታቸው ረጅም ካቻቢቴ አወጡ። ጫፉን ከዓለቱ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስደገፉት። ጋራዥ ውስጥ መካኒኮች እንዲያ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ዓለት ላይ ግን አይቼ አላውቅም። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ይኼ የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ይንገጫገጫል፣ እየተነፈሰ ነው የሚሄድ። ይኼ ባለ አራት ነው። አዲስ ሞተር ነው። የትም ቦታ አይላላም፤ በደንብ ታስሯል።»

«ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩ፤ ከንፈሬን እንዲያዩ ዞር ብዬ።

«እሱን ተከትለን ማየት ነዋ።»

እንዲህ ሆነን ነው ሁለታችን ተራራውን የዞርነው። መሬቱ አፈር በሆነበት ዝም ይላል፤ ዓለቱ ብቅ ባለበት ሁሉ እትየ ታንጉት ተንበርክከው ካቻቢቴያቸውን ይተክላሉ። አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዴ በእጃቸው «ወዲህ» ይሉኛል። እኔም ጀማምሬ ተማርኩ፤ እጀታውን አጥንቴ ላይ ሳስጠጋ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከሰዓት ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። ድምፅን በእግር መከተል ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅማ።

ቀትር አልፎ ድምፁ ሲያርፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የያዝነውን ዳቦ ተካፍለን በላን። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ካረፍንበት ተነሣን። እየበረታ ሄደ። ከአንድ ሰፊ ዓለት ጫፍ ስንደርስ ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገንም፤ በጫማዬ ሶል ይሰማኛል። እትየ ታንጉት ወደ ታች ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ያውልሽ» አሉኝ።

ወደ ታች ተመለከትኩ። ከእግራችን ሥር የሎጁ ጓሮ ነው። የተሰጣ አንሶላ አለ። ከአንሶላው ኋላ፣ ዓለቱ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ዙሪያው በግንብ የታጠረ። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ በጆሮ እንኳ ብዙም አይሰማም።

ያ ጉድጓድ የኔ ነው።

የምስጋና ወረቀት ያሰጠኝ ሥራ ያ ነበር። ጎረቤት ሲያማርር ጄኔሬተሩን ከመንገድ ዳር አንሥታችሁ ከጓሮ፣ ዓለቱን ቆፍራችሁ አስቀምጡት ብዬ ንድፉን የሣልኩት እኔ ነኝ። እንዳይንቀሳቀስ ከዓለቱ ጋር በብሎን አስሩት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሥራው ያለቀው ክረምቱ እንዳለፈ ነው። ከተማው ዝም አለ፤ እኔም ተመሰገንኩ። ከሎጁ እስከ ዜማ ቤቱ በመንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በተራራው ሆድ ውስጥ ግን ቅርብ ናቸው።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አሉኝ እትየ ታንጉት።

ላለመናገር አሰብኩ። አልዋሽም፤ አስቤአለሁ። የሚያውቅ ሰው የለም። አቶ ሞላ የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ነው፤ «ከወፍጮው የሚመጣ ንዝረት» ብዬ ብጽፍ ማንም ተራራ ዞሮ አይፈትሽም። ይኼን ሳስብ እሳቸው ፊቴን ያያሉ፤ ከንፈር ለማንበብ የለመደ ሰው ዓይን ደግሞ ከባድ ነው።

«እኔ ነኝ እትየ» አልኳቸው። «ይኼን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

ካቻቢቴያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ መቀነታቸው መለሱት።

«ካወቅሽው ይሻላል» አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንን ብለን ልንለምን ነበር?»

ሐሙስ ጠዋት ሎጁ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሄኖክ የሚባል ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ታሪኩን ነገርኩትና ዐርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ጄኔሬተሩን እንዲያጠፋልኝ ጠየቅሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ይኼ ፊርማ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ከሁለት አንዱን ንገሪኝ። ያኔ ነው የተሳሳትሽው ወይስ አሁን?»

«ያኔ ነው።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ብትይስ? እንግዶቼ ዐርብ ረፋዱ ላይ ነው የሚገቡት። ልብስ የሚታጠበው፣ ምግብ የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነው።»

«ዐሥር ደቂቃ ነው አቶ ሄኖክ። የማይጠፋ ከሆነ በራሴ ስህተት የሰው እንጀራ ሊዘጋ ነው።»

ወረቀቱን አጣጥፎ መልሶ አስቀመጠ። «አያለሁ» አለኝ። እሺም እንቢም አላለም።

ዐርብ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዓለቱ ክፍል ውስጥ ተሰብስበናል። አቶ ሞላ የማሸጊያ ወረቀታቸውን፣ ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትለው መጥተዋል። የኔታ ከወትሮ ቦታቸው ተቀምጠዋል። እትየ ታንጉት ወፍጮአቸውን ዘግተው ወርደው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ሁሉም መዳፉን ግድግዳው ላይ እንዲያደርግ አደረግሁ። አቶ ሞላ መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥቂት ቆይተው ቅንድባቸው ተነሣ።

«አለ እንዴ?» አሉ። «ወፍጮው እኮ ቆሟል።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል» አልኳቸው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አልጠፋም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ስልኬን አየሁ፤ እዚያ ጥግ ኔትወርክ የለም። ሁለት ደቂቃ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጃቸውን አንሥተው አቧራውን አራገፉ። ሦስት ደቂቃ። አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወይዘሪት ሰናይት፣ እንግዲህ እኛም ሥራ አለን…»

«ቆይ» አሉ የኔታ።

ጠፋ።

እንዴት ልንገራችሁ? በጆሮዬ ምንም አልሰማሁም፤ ግን ትከሻዬ ወረደ። መዳፌ ሥር ያለው ዓለት ድንጋይ ብቻ ሆነ። መለኪያዬን አየሁ፤ ቁጥሩ ቁልቁል ወርዷል። አቶ ሞላ አንዱን እጃቸውን አንሥተው ሌላውን አስቀመጡ፤ እንደገና ያንን አንሥተው ይኼን አስቀመጡ።

የኔታ ግን እኛን ትተውናል። ምስጋናው የሚባለውን ዲያቆን ጠሩት፤ ጢም ያወጣ፣ ስድስት ዓመት አብሯቸው የቆየ ተማሪ ነው። «አንሣ» አሉት። አነሣ። እሳቸው ተቀበሉት። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ገጠሙ። ቀጥለው በዚያ ዓመት የገቡትን አራቱን ጠርተው «እናንተም» አሏቸው። እኔ ዜማ አላውቅም። ቢሆንም ያን ጊዜ ሰማሁት። አራቱ አንድ ላይ፣ እርስ በርሳቸው ተስማምተው፣ ከየኔታ ዝቅ ብለው ነበር። በፀጉር ያህል፣ እንዳሉት። የሚጎትታቸው ድምፅ ጠፍቶም እነሱ እዚያው ነበሩ።

የኔታ አላቋረጧቸውም። እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ። አሁን የማይሰማው ሰው አልነበረም።

«ይኼ የሎጁ ነው አልሽ?» አሉኝ አቶ ሞላ። «በቃ፣ እሱን እናሽገዋለን።»

«ሎጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው» አልኳቸው። «ጄኔሬተሩ ዓለት ውስጥ እንዲገባ፣ ከዓለቱም ጋር እንዲታሰር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ድምፁን ከከተማው ስታወጪው ወዴት የሚሄድ መስሎሽ ነበር?»

«የሚሄድ አልመሰለኝም የኔታ። እዚያው የሚቀር ነበር የመሰለኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእትየ ታንጉት ተናገሩ፤ እንደማይሰሙ ስለሚያውቁ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓቸው። ወይዘሮዋ ቀርበው እጃቸውን ያዙ። «ሁለት ወር በድዬሻለሁ» አሏቸው። «ንገሯት።» ዲያቆኑ ከፊታቸው ቆሞ ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመላቸው። እትየ ታንጉት የኔታን እጅ ሳሙና፣ «የሰኞ እህላችሁን ቀደም አድርጋችሁ ላኩ በልልኝ፤ ሰኞ ወረፋ ይበዛል» አሉ። ያ ነበር መልሳቸው።

ሥራው ዐሥር ቀን ፈጀ። ሄኖክን ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርኩም፤ ለነገሩ ያን ቀን አራት ደቂቃ የዘገየው ራሱ ወርዶ ሊያጠፋው ሲሄድ የጉድጓዱ ቁልፍ ጠፍቶበት ነው። መላውን ያገኘነው ግን ከወፍጮ ቤቱ ነው። እትየ ታንጉት ሞተራቸው የቆመበትን አሳዩኝ፤ ባላቸው ብሎኑ እየላላ ሲያስቸግራቸው ከሥሩ ወፋፍራም የወይራ ግንድ ደርድረው፣ ግንዱን አፈር ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ወፍጮው እየጮኸ ድንጋዩ የማይሰማው ለዚያ ነው። በባቡር መስመር ሥራ ላይ ላለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። ሳቀብኝ። «ከሐዲዱ ሥር ጎማ የምናነጥፈው ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አለኝ። «አለበለዚያ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የሰው ሳሎን ይገባል እኮ።»

ጄኔሬተሩን ከጉድጓዱ አወጣን። ብሎኖቹን ቆረጥን። ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋ ሞላን፤ በላዩ የኮንክሪት ሰሌዳ አስቀመጥን፤ በሰሌዳውና በሞተሩ መካከል ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ እየቆረጥን ደረደርን። የጭስ ማውጫው እንኳ ዓለቱን እንዳይነካ በሚተጣጠፍ ቱቦ ቀጠልነው። እትየ ታንጉት መጥተው ካቻቢቴያቸውን በአራቱም ማዕዘን ተከሉ። አንድ ቦታ ላይ የተረሳ ብረት አገኙና አስነቀሉት። ከዚያ በኋላ ዜማ ቤቱ ሄጄ መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። የኔታ «አትድከሚ፣ ሄዷል» አሉኝ።

አለቃዬ ጋ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ገባሁ። የመጀመሪያውን ስህተቴን ከነንድፉ አያይዤ ነበር። አንብቦ ጨረሰ፤ መነጽሩን አወለቀ። እኔ ቅጣት እጠብቃለሁ። «በሦስት ኮፒ አድርጊው» አለኝ። የምስጋና ወረቀቴን ያን ቀን ከግድግዳው ላይ አነሣሁት። ማንም አላዘዘኝም።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ ምናልባት ከጎረቤታችሁ ጋር በድምፅ የምትጣሉ ትኖራላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንድ ማሽን እንዲነሣ ከማዘዜ በፊት ከተቀመጠበት መሬት ሥር ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። ድምፁን ካጠፋሁ በኋላ ደግሞ ሥራው አለቀ አልልም፤ በተራራው ማዶ፣ በግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ ሄጄ አያለሁ። መለኪያዬን አሁንም እይዛለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሰውን «የሚሰማዎት ምንድን ነው?» እለዋለሁ፤ መልሱ ቁጥር የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰዎች እንግዳ ነገር ሲነግሩኝ ድሮ የምቸኩለውን ያህል አልቸኩልም። ከእነዚያ እንግዳ ነገሮች አንዱ እውነት ሆኖ አይቻለሁና።

አንድ የማያልቅልኝ ነገር ግን አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኔታን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አራቱ ልጆች እንዴት ሆኑ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስቱን መልሰው እንዳቀኗቸው ነገሩኝ፤ ከጀማሪ በላይ እንዳስቸገሯቸው፣ የተማሩትን ማስረሳት ከማስተማር እንደሚከብድ። አራተኛው ትምህርቱን ትቶ ነጋዴ ሆኗል። አንድ ሌላ ልጅ ግን እናቱ ታማበት ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሳምንት አገሩ ገብቶ ቀርቷል።

«ዐርብ ዕለት አራት አልነበሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አምስት ነበሩ። አንዱ ቀድሞ ሄደ። እሱን ነው የምልሽ» አሉ። «የሄደው ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ነበር። አሁን የሆነ ደብር ያገለግላል ይላሉ። የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ከእሱ የሚማሩም ይኖራሉ።»

ስለ ሥራዬ በላስታ ገጠር ብዙ እዞራለሁ። ከአንድ ደብር አጠገብ ሳልፍ ቅዳሴ ከደረሰ ቆሜ እሰማለሁ። የኔታ ቢሆኑ በአንድ ትንፋሽ ይለዩት ነበር። እኔ ግን የጠራው ድምፅ የቱ ጋ እንደሚጀምር፣ ያ ልጅ የቱ ጋ ዝቅ እንደሚል ለመለየት እሞክራለሁ፤ እስካሁን አልቻልኩም። እስኪያበቃ ድረስ ቆሜ እሰማና መንገዴን እቀጥላለሁ።